የአውሮፕላን መመልከቻ ቦታ ለሚፈልግ ሰው ፍላይትራዳር24 ምን ያህል ይጠቅማል? ከጎንደር የተጻፈ ግምገማ

ፍላይትራዳር24ን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ዘመድ ለመቀበል ከቤት ከመውጣቱ በፊት «በረራው የት ደረሰ?» ብሎ በሚያይበት አገልግሎቱ ነው። እኔ የምገመግመው ግን በሌላ ጥቅሙ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ መመልከትና ፎቶ ማንሣት የሚወድ ሰው፣ በሥራ በተጨናነቀ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ ፊቱን ወዴት አዙሮ መቆም እንዳለበት ለመወሰን ይህ መተግበሪያ ምን ያህል ይረዳዋል?

ጎንደር ለምንኖር የዚህ ነገር ወዳጆች ጥያቄው ከባድ ነው። አዘዞ ያለው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያችን በአብዛኛው የሚያስተናግደው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩን ኪው400 እና ቦይንግ 737ን ነው። ድሪምላይነሩን፣ ኤርባስ ኤ350ን ወይም የጭነት 777ን በቅርብ ማየት የፈለገ ሰው ቦሌ መሄድ አለበት። ለጉዳይ ወይም ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚተርፈው ጊዜ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው፤ ያንን ግማሽ ቀን በታክሲ ቦታ ሲፈልግ እንዳያባክነው ምርጫውን እዚሁ ተቀምጦ ጨርሶ መሄድ ይኖርበታል። መተግበሪያው ለዚህ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ያለው ሁሉም ሰው በሚከፍተው የቀጥታ ካርታ ላይ ሳይሆን ብዙዎች ሳይነኩት በሚያልፉት የኋላ በረራዎች መልሶ ማሳያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ይበጃል፤ አሠራሩን ያላወቀ ሰው ከካርታው የማይገኘውን ነገር ይጠብቃልና። አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሁለት ስዊድናውያን የአቪዬሽን ወዳጆች ናቸው። ዛሬ በሰማይ ላይ ያሉ አብዛኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ በሳተላይት አውቀው፣ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን ጨምረው፣ በ1,090 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ይህን ምልክት በጣሪያቸው ላይ በተከሉት ትንሽ አንቴና የሚቀበሉ በጎ ፈቃደኞች በዓለም ዙሪያ አሉ፤ እነርሱ የተቀበሉት ተሰብስቦ ነው ካርታው ላይ ቢጫ አውሮፕላን ሆኖ የሚታየን። ሞገዱ የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ስለሆነ አንቴናውና አውሮፕላኑ መተያየት አለባቸው። በከፍታ የሚበር አውሮፕላን በመቶዎች ከሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል፤ ዝቅ ብሎ ከተራራ ጀርባ የገባ አውሮፕላን ግን ቅርብ ቢሆንም አይሰማም። ምልክቱ ሲጠፋ ሥርዓቱ አውሮፕላኑ ይኖርበታል ተብሎ የሚገመተውን ቦታ እያሰላ ለተወሰነ ጊዜ ማሳየቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ካርታው ላይ የሚታየው ሁሉ በእርግጥ የታየ አይደለም።

ባዶ የሆነውን ቦታ ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከጎንደር ወደ ምዕራብ፣ ከመተማ ማዶ ካርታውን ገፋ ብናደርገው፣ የሱዳን ሰማይ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ለሲቪል በረራ ከተዘጋ ወዲህ በአብዛኛው ባዶውን የቆየ ሰፊ ክልል ነው። ሌላ ቦታ የሚታየው ባዶነት ደግሞ ምልክት የሚቀበል አንቴና በአካባቢው ባለመኖሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። ካርታው ሁለቱን ለይቶ አይነግረንም።

አሁን ወደ ቦሌ እንምጣ። ቦሌ ሁለት ጎን ለጎን የተዘረጉ ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ በሁለቱም ጫፎቻቸው ላይ 07 እና 25 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የኮምፓስ አቅጣጫውን ይሰጣል። 07 ማለት 70 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ሆኖ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው፤ 25 ደግሞ ተቃራኒው፣ 250 ዲግሪ ነው። አውሮፕላን የሚያርፈውና የሚነሣው በተቻለ መጠን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን በ07 አቅጣጫ ለማረፍ ከምዕራብ በኩል በከተማው ላይ ዝቅ እያለ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲገለበጥ ከምሥራቅ በኩል ይመጣል። እንግዲህ ዛሬ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ቆሞ አንገቱ እስኪዝል የሚያይ ሰው፣ ነገ እዚያው ቦታ ቆሞ የሚነሡትን ብቻ ከሩቅ ሊያይ ይችላል።

መልሶ ማሳያው ዋጋውን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ያለ ክፍያ የሚሰጠው አገልግሎት ያለፉትን 7 ቀናት በረራዎች ያሳያል። ቀኑንና ሰዓቱን መርጦ፣ ካርታውን ቦሌ ላይ አጥብቦ፣ በሳተላይት ምስሉ ላይ እያጫወተ የሚመለከት ሰው አውሮፕላኖቹ በየትኛው ጫፍ እንደገቡ፣ በስንት ሰዓት አቅጣጫ እንደቀየሩ፣ በየትኛው አደባባይና በየትኛው ሕንፃ ራስ ላይ እንዳለፉ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ተከታታይ ቀናትን እያነጻጸረ ሲመለከት ደግሞ የዕለቱ ልማድ ይገለጥለታል። በዚህ መንገድ ሲታይ የቦሌ ጠዋት ከማንኛውም ሰዓት ይበልጣል። ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የሚመጡት ረጅም በረራዎች በማለዳ ይገባሉ፤ መንገደኞቻቸውን ተቀብለው ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ደግሞ ረፋዱ ላይ ተከታትለው ይነሣሉ። ማታ ያለው ግርግርም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ወደ አውሮፓ የሚነሡት ትላልቅ አውሮፕላኖች የሚወጡት እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ለፎቶ አንሺ የሚተርፈው መብራታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከጠዋቱ 12 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ይምረጥ፤ ከሰዓት በኋላውን ለጉዳዩ ያውለው።

ስለ ሰዓት ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በረራዎቹ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ ሲጻፉ የሚደናገር ሰው ብዙ ነው። ለእኛ ግን ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከዩቲሲው ላይ 3 መቀነስ ብቻ ነው። 06:00 ዩቲሲ የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 09:00 ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው።

ከፍታውን በማንበብ ረገድ ግን መተግበሪያው ከእኛ ጋር ብዙም የተመቻቸ አይደለም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ቦታ መረጣው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የሚታየው ከፍታ ከመሬት ሳይሆን ከባሕር ጠለል የሚቆጠር ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በተሠራ አውሮፕላን ማረፊያ 1,000 ጫማ የሚል ቁጥር የታየበት አውሮፕላን በእርግጥ ዝቅ ብሏል። ቦሌ ግን ራሱ የተሠራው ወደ 7,650 ጫማ፣ ማለትም 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰፈር ላይ 8,600 ጫማ የሚል ቁጥር ያየ ሰው «ይህማ ከደመና በላይ ነው» ብሎ ሰፈሩን መተው የለበትም፤ 7,650ውን ሲቀንስለት 950 ጫማ፣ ማለትም 290 ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል፤ በባይናኩላር የጎማዎቹ ቁጥር የሚቆጠርበት ከፍታ ነው። በዕለቱ የአየር ግፊት ምክንያት ይህ ቁጥር በጥቂት መቶ ጫማ ሊዛነፍ ስለሚችል በሌላ መንገድ ማመሳከሩ ጥሩ ነው። የተለመደው የማረፊያ መስመር 3 ዲግሪ ያዘቀዘቀ በመሆኑ አውሮፕላኑ በየኪሎ ሜትሩ 52 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የማኮብኮቢያውን ጫፍ የሚያልፈው ደግሞ በ15 ሜትር ገደማ ነው። ከጫፉ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከመስመሩ ሥር በትክክል የቆመ ሰው 120 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያገኘዋል፤ 4 ኪሎ ሜትር የራቀ ደግሞ 225 ሜትር ላይ። እኔ የምመርጠው ከመስመሩ ሥር መቆምን አይደለም፤ ከሥር የሚታየው ሆዱ ብቻ ነው። ከመስመሩ ጥቂት መቶ ሜትሮች ወደ ጎን ወጣ ብሎ የሚቆም ሰው የአውሮፕላኑን ሙሉ ጎን፣ የጅራቱን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለምና «ኢቲ» ብሎ የሚጀምረውን የምዝገባ ምልክት አጥርቶ ያያል።

የሚነሡትን ለማየት ለሚፈልግ ሰው የቦሌ ከፍታ ሌላ ጠባይ አለው። አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት ጉልበት ያንሳል፤ ስለዚህ ከባድ አውሮፕላን ከመሬት የሚለቀው ብዙ ርቀት ከተንደረደረ በኋላ ነው። ነዳጅና ጭነት የሞላ 777 በቀን ሙቀት ሲነሣ ማኮብኮቢያውን እስከ ሩቅ ጫፉ ይበላዋል። በመነሻው ጫፍ አጠገብ የቆመ ሰው የሚያየው መሬት ላይ እየራቀ የሚሄድ ጅራት ነው፤ አፍንጫው ሲነሣ ማየት የፈለገ ወደ መጨረሻው ጫፍ ይሂድ። መልሶ ማሳያውን ዝግ አድርጎ ያጫወተ ሰው አንድ ቀላል ኪው400 እና አንድ የጭነት 777 ከመሬት የለቀቁበትን ነጥብ ቢያወዳድር ልዩነቱን ያለ ማንም አስረጂ ይረዳዋል።

መተግበሪያው ፈጽሞ የማይነግረው የፀሐይን ነገር ነው። ይህን ተመልካቹ ራሱ ማሰብ አለበት። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ በመሆናቸው ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታጋድል፣ ብርሃኑን በጀርባው ማግኘት የሚፈልግ ሰው በደቡብ በኩል፣ በቦሌ ቡልቡላ አቅጣጫ ቢሆን ይሻለዋል። በሰሜን በኩል ገርጂ ያለው ሰው በዚያ ወቅት የሚያየው የጠቆረ ጥላ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ግን የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ ከራስ በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ስለምታጋድል ነገሩ ይገለበጣል፤ ክረምቱ ደመና መሆኑ እንጂ የገርጂ ጊዜ ያኔ ነበር። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከአስፋልቱ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው በረጅም ሌንስ የተነሣ ፎቶ ሁሉ የደበዘዘ ይሆናል፤ ውድ ካሜራም ይህን አያድንም።

የእኛው አዘዞ በዚህ ረገድ ከቦሌ ፍጹም ይለያል። ማኮብኮቢያው 17 እና 35 የሚሉ ቁጥሮች ያሉት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከምሥራቁ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ በኩል መሆን ነው፤ ወቅቱ ብዙም ለውጥ አያመጣም። እዚህ የሚመጡት በረራዎች ጥቂት በመሆናቸው የበረራ ሰሌዳውን ያወቀ ሰው የቀጥታ ካርታውን ያህል ይጠቀማል። በተራሮች መካከል ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላንን ምልክት ለመቀበል አንቴና በቅርብ መኖር ስላለበትም፣ ካርታው ላይ የሚታየውን የመጨረሻ ደቂቃዎች መስመር እንደ ግምት መውሰድ ይገባል። የአዘዞ ከፍታ ወደ 6,500 ጫማ የሚጠጋ ስለሆነ የመቀነሱ ስሌት እዚህም ይሠራል።

ነገር ግን አዘዞን አቅልሎ የሚያይ ሰው ቢኖር ኪው400ን ገና አላየውም ማለት ነው። ክንፉ ከላይ፣ ረጃጅም እግሮቹ ከሞተሮቹ ሥር፣ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስድስት ስድስት የፕሮፔለር ምላስ ያለው አውሮፕላን ነው። ሲነሣ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 17 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ አንድ ሺህኛ ሻተር (ሻተር ማለት ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት ነው) ያነሣው ሰው ፕሮፔለሩን የቆመ አድርጎ ስለሚያስቀረው አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ሻተሩን ወደ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ዝቅ ሲያደርገው ግን በዚያች ቅጽበት ፕሮፔለሩ 49 ዲግሪ ይዞራል፤ በምላሶቹ መካከል ያለው ክፍተት 60 ዲግሪ በመሆኑ ሙሉ ሊሆን ጥቂት የቀረው የሚያበራ ክብ ይወጣል። ካሜራው ከአውሮፕላኑ እኩል መዞር አለበት እንጂ ውጤቱ ከየትኛውም ጄት ፎቶ የሚያምር ነው። ቀደም ሲል በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ያገለገለውን ፎከር 50ን የሚያስታውሱ የከተማችን ሰዎች ይህን ውበት ያውቁታል።

መቆሚያውን በተመለከተ መተግበሪያው የሚሰጠው መልስ የለም። አውሮፕላኑ የት እንደሚያልፍ ይናገራል እንጂ ሰው የት መቆም እንደሚፈቀድለት አይናገርም፤ የእኔ ትልቁ ማሳሰቢያም ይህ ነው። በሌላው ዓለም ተመልካቹ ታስቦለታል። በአምስተርዳም ስኪፖል ከፖልደርባን ማኮብኮቢያ አጠገብ ለተመልካቾች የተዘጋጀ ስፍራ አለ፤ በናሪታ «ሳኩራ ኖ ያማ» የሚባለው ኮረብታማ መናፈሻ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ነው፤ በለንደን ሂትሮው ደግሞ በደቡባዊው ማኮብኮቢያ ጫፍ አጠገብ ያለው የመርትል ጎዳና ሣር የታወቀ ነው። ለንደን ዘመድ ያለውና ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ሂትሮው ከምዕራብ የሚነፍስ ነፋስ ባለበት ቀን የማረፊያ ማኮብኮቢያውን በየዕለቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ (በለንደን አቆጣጠር 15:00) ይቀይራል፤ ሳምንቱም ሲቀየር ተራው ይገለበጣል። መርትል ጎዳና ላይ በተሳሳተው ግማሽ ቀን የደረሰ ሰው የሚጠብቀው ባዶ ሣር ነው፤ ይህንንም መልሶ ማሳያው አስቀድሞ ያሳየዋል።

በአገራችን ግን አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠበቅ ተቋም ነው። አጥር ተጠግቶ ካሜራ መደቀን ጥያቄ ያስነሣል፤ ጠባቂውም ሥራውን እየሠራ ነው። በተለይ በአዘዞ፣ ወታደራዊ ሰፈር በአቅራቢያው ባለበት አካባቢ፣ ሌንስን ወደ አጥር፣ ወደ ጥበቃ ወይም ወደ ሰፈሩ ማዞር አይገባም፤ ድሮንማ ያለ ፈቃድ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። በቦሌ ዙሪያ የተሻለው መንገድ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ወይም ሆቴል መምረጥ፣ ማኪያቶ አዝዞ ባለቤቱን ወይም አስተናጋጁን «አውሮፕላኖቹን ፎቶ ባነሣ ይፈቀድልኛል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። በጎንደር ደግሞ በሰሜን በኩል ያለው የጎሃ ኮረብታ ከአዘዞ የራቀ በመሆኑ ለፎቶ ባይሆንም፣ በጠራ ቀን በባይናኩላር ከጣና አቅጣጫ የሚመጣውን በረራ ለመከታተል የሚመች ሰላማዊ ቦታ ነው።

ስለ ክፍያው በአጭሩ ለመናገር፣ ቦታ ለመምረጥ ብቻ ለሚፈልገው ሰው ነጻው አገልግሎት ይበቃል። ሲልቨር የሚባለው ደረጃ የ90 ቀን፣ ጎልድ ደግሞ የ365 ቀን የኋላ በረራ ይከፍታል። ነፋሱ በበጋና በክረምት እንዴት እንደሚለያይ አጥንቶ የዓመቱን ልማድ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ጎልዱ ትርጉም አለው፤ ነገር ግን ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚፈጸም ለብዙዎቻችን ቀላል አይሆንም። ካርታውን ለረጅም ሰዓት ክፍት ማድረግ ዳታም ባትሪም ይበላልና ጥናቱን ዋይፋይ ባለበት ጨርሶ፣ የተመረጡትን ሰዓቶች በወረቀት ጽፎ መሄድ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ክፍያ የማይጠይቀው መንገድ ግን ሌላ ነው። ድርጅቱ ሽፋን በሚፈልግባቸው አካባቢዎች ተቀባይ መሣሪያውንና አንቴናውን በነጻ ይልካል፤ መሣሪያውን ተክሎ ምልክት ለሚያጋራው ሰው ወይም ተቋም ደግሞ ቢዝነስ የሚባለውን ከፍተኛውን ደረጃ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ጎንደር ከፍ ያሉ ቦታዎች ሞልተዋታል። አንድ ትምህርት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል ይህን ቢይዝ ተማሪዎቹ ስለ ሬዲዮ ሞገድ በጣሪያቸው ላይ ይማሩበታል፤ የአዘዞ በረራዎችም እስከ መሬት ድረስ በካርታው ላይ ሊታዩ ይችላሉ። የሚያስፈልገው የማይቆራረጥ መብራትና ኢንተርኔት፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የተጠየቀ ፈቃድ፣ እንዲሁም አንቴናው ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞና ወደ ጣና፣ ያለ ከለላ የሚያይበት ጣሪያ ነው፤ ማመልከቻው በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።